ፋናዬ ስትመጣ የምትቆመው ወፍጮ

ሸዋ ሮቢት በግንቦት ምን ያህል እንደምትሞቅ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ዶሮዋ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል ነው ቢሉት ደገኛ ይስቃል፤ ሮቢት ያለችበት የቀወት ሰው ግን «የማን ዶሮ ናት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይስቅም። ደብረ ሲና ላይ ውርጭ ያንቀጠቀጠው ሰው ወደ ቆላው የሚያየውን መስኮት ከፍቶ እጁን ያሞቅ እንደነበር ያዩ ሰዎች ይናገራሉ።

በዚህ ሙቀት መሀል፣ ከሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በደርግ ጊዜ አንድ የገበሬ ማኅበር ወፍጮ ነበረው። ወፍጮዋ እንደ ማንኛዋም ወፍጮ አይደለችም። ስትነሳ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ ጣርማ በር ገደል ላይ ያንቀላፋ ጭላዳ ብድግ ይላል፤ ወደ ደሴ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር የገዛ ሞተሩ የተሰበረ መስሎት ዳር ይዞ ይወርዳል። ደግሞ የምትሠራው በናፍጣ አይደለም፣ በኮረንቲ ነው። «ከአዲስ አበባ ወዲህ እሷን የምታክል የለችም» ይል ነበር ደምሴ። አዲስ አበባን ያላስገባት አይቷት ስለማያውቅ ነው፤ ትሑት ሰው ነበር።

ወፍጮዋ የማኅበሩ ብትሆንም ሰው ሁሉ ባለወፍጮ የሚለው ይህንኑ ደምሴን ነው። አርባን የተሻገረ ወንደላጤ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ። ዱቄት ከሚወርድበት ቋት አንድ ቁንጥር አንስቶ በጣቶቹ መሀል ሲያሸው ማሽላው ከየትኛው ማሳ እንደታጨደ ያውቃል፤ ባለማሳው ያን ሰሞን ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ እንደነበርም ይናገራል። ጅብ አይፈራም፣ ካድሬ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ፋናዬን ቀና ብሎ ማየት ነው።

ፋናዬ ባሏ ከሞተባት ብዙ ዘመን ያለፋት ሴት ናት። በይፋት ቆላ እሷ ያላገነፋችለት አራስ ቤት የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት ምጥ ሲጀምር አዋላጇ ከመጠራቷ በፊት ፋናዬ ትጠራለች ይባላል። ገንፎዋ ቢውጡት ጉሮሮ አያውቀውም። አንዲት አራስ የፋናዬን ገንፎ በልታ በማግስቱ ማሳ ወረደች ሲባል ሰምተናል፤ ሌላዋ ደግሞ ገንፎው እንዳይቀርባት ብላ በዓመቱ ደገመች።

የገንፎው ምስጢር ከዱቄቱ ነው፤ የዱቄቱ ምስጢር ደግሞ ከደምሴ። የወፍጮዋን ድንጋዮች የሚያጠብቅና የሚያላላ፣ እንደ መኪና መሪ ክብ የሆነ ብረት አለ፤ ስሙም መሪ ነው። የሌላው ሰው እህል ሲፈስ ደምሴ መሪውን ይነካል አይነካም። የፋናዬ ማሽላ ሲፈስ ግን ጃኬቱን አውልቆ፣ እግሩን አንፈራጦ ያጠብቀዋል። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተሳስመው ይሽከረከራሉ። የሚወጣው ዱቄት ነፋስ ቢነካው እንደ ጉም የሚነሳ ነው። ደምሴ ለፋናዬ በአፉ ያለው ነገር «እንደምን ዋልሽ» እና «ደህና ግቢ» ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የሚናገረው በመሪው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሣጥኑ መናገር ያስፈልጋል። በወፍጮ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራቡ በኩል፣ ሆዱ ላይ አንዲት እጀታ ያለችው ጥቁር ሣጥን ተሰቅሏል። ሞተሩን የተከሉት ሰዎች «ይሄ ብሬከር ይባላል፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል የቆመ ዘበኛ ነው፤ እጀታው ወርዶ ኮረንቲውን ከጣለ ወደ ላይ መልሰው» ብለው ሄዱ። ለምን እንደሚጥል አልነገሩትም። ደምሴም አልጠየቀም፤ ባለሙያ ይጠይቃል እንዴ?

ፋናዬ የምትመጣው ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ሰልፉ ሲሳሳ ነው። አንድ ቀን ማሽላዋ ተፈጭቶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሣጥኑ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ወፍጮዋ ዝም አለች። ደምሴ እጀታውን መለሰ፤ አልይዝ አለ። ደገመ፤ እንደ ግትር በቅሎ እንቢ አለ። ብዙ ቆይቶ ሲሞክር ያዘ። በሌላ ቀን ፋናዬ መጣች፤ ወፍጮዋ ሄዳ ሄዳ አሁንም ጠቅ። በሌላም ቀን እንዲሁ። ደምሴ እፍረቱ በዛ፤ ለመካስ ብሎ በመጣች ቁጥር መሪውን ከፊተኛው አብልጦ ያጠብቅላት ጀመር።

ከተሰለፉት ሴቶች መሀል ወርቅነሽ የምትባል ነበረች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ብቻ ነው ከእሷ ቀድሞ የሚነቃው።

«እናንተዬ» አለች አንድ ቀን፣ «ይቺ ወፍጮ የምትቆመው ለፋናዬ ብቻ ነው፣ ወይስ ዓይኔ ነው?»

«አጋጣሚ ነው» አለች አንዷ።

«አጋጣሚ እንዲህ ይመላለሳል? እግሯ ነው፤ ደረቅ ነው።»

ነገሩ በዚህ ቢቀር ምንም አልነበረም። ነገር ግን እግረ ደረቅ የተባለች ሴት ሰርግ ቤት ብትገባ ጠላው ይሆመጥጣል፤ አራስ ቤት ብትገባ ደግሞ የሚሆነውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ፋናዬን ከአራስ ቤት መከልከል ዓሣን ከውሃ ማውጣት ነው። ወሬው ከወፍጮ ቤት ወጥቶ ገበያ፣ ከገበያ ጉድጓድ ውሃ፣ ከጉድጓድ ውሃ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ለማ ጆሮ ደረሰ።

ጓድ ለማ የፖለቲካ ትምህርት የተማረ፣ ሲናገር ከተራራው ላይ የገደል ማሚቶ የሚመልስለት ሰው ነው። ሴቶቹን ሰብስቦ፣ «እግረ ደረቅ፣ እግረ እርጥብ የሚባል ኋላ ቀር አመለካከት በዚህ ማኅበር ቦታ የለውም» አላቸው። ፋናዬ እፎይ ልትል ስትል ቀጠለ። «እኛ የምንመራው በሳይንስ ነው። እግር ካልሆነ እንግዲህ አሻጥር ነው።»

ደምሴ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ከሰዓት የሣጥኑን ገጽ ትክ ብሎ ሲያይ ያገኙት እመት መሊካ ናቸው። እመት መሊካ ከአካባቢው ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሮቢ ወንዝ ገና ምንጭ ሳለ የሚያውቁት የሚመስሉ አሮጊት ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ከሣጥን ጋር የተፋጠጥከው?»

«ይጥልብኛል፣ እመት መሊካ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

እመት መሊካ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈው ወዲያው አነሱ። «ሱብሓነላህ። ይሄ ነገር ትኩሳት ይዞታል። ውሃ ሲሞቅብህ ጀሪካኑን ምን ታደርገዋለህ?»

«ጆንያ አርጥቤ እጠቀልለዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ደምሴ ግንባሩን መታ። ይህን የመሰለ ብልሃት እስከዛሬ እንዴት እንዳመለጠው ገረመው። በቀወት ቆላ እርጥብ ጆንያ የማያቀዘቅዘው ነገር የለም፤ ሙሽራም ቢጠቀለልበት ይቀዘቅዛል። በነጋታው ማለዳ አንድ ጆንያ ከመስኖው ቦይ ነክሮ፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቀለለው። ጠዋቱን ሙሉ ወፍጮዋ እንደ ንብ ስትፈጭ አረፈደች። ደምሴ ለመጣው ሁሉ «ዛሬ አበረድኩት» እያለ በጆንያው አናት ላይ ውሃ ይጨምርበታል።

ከሰዓት ፋናዬ ስልቻዋን አዝላ መጣች። አንድ እግሯ ገና ደፉን እንደተሻገረ ሣጥኑ ጧ አለ። ሰማያዊ ብልጭታ በጆንያው መሀል ወጣ፣ ጭስ ተከተለ፣ እጀታው ወረደ፣ ወፍጮዋ ጸጥ። ማሽላዋ ገና ከጀርባዋ አልወረደም።

ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ከመሀላቸው ራቢዓ የምትባል ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ወጣት ነበረች፤ ሳታስበው ጉፍታዋን ከራሷ ላይ ስባ ሆዷን ሸፈነችበት። ፋናዬ አየቻት። ወርቅነሽ ያለችውን ሁሉ ስትሰማ ስቃ ያለፈች ሴት፣ ይህን ስታይ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ልሞክርልሽ እስቲ፣ አሁን ይነሳል» አለ ደምሴ እየተርበተበተ።

«ይተዉት፣ ጋሼ ደምሴ» አለች። ስልቻዋን አስተካክላ ተመለሰች።

ጓድ ለማ በዚያው ምሽት አስታወቀ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ በሚሰበሰብበት በሾላው ዛፍ ሥር ጉባኤ ይደረጋል፣ የፋናዬ ጉዳይ ይታያል፣ እስከዚያ ወፍጮዋ አትነሳም።

ደምሴ በማግስቱ የመጀመሪያውን የፈረስ ጋሪ ይዞ ሮቢት ወረደ። እዚያ በመስኖ ፓምፖች ላይ የሚሠራ ሷሊሕ የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛ አለው። ሷሊሕ ስለ ራሱ ሲናገር ደምሴን እንኳ የሚያስንቅ ሰው ነው፤ ኮረንቲ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሳልኛል ይላል። ነገሩን ሰምቶ መሣሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ መጣ። መስመሩን ከምሰሶው አጠፋና ወደ ሣጥኑ ተጠጋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጆንያ።»

«ጆንያ መሆኑን አይቻለሁ። ምን ይሠራል?»

«ያቀዘቅዛል።»

ሷሊሕ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ፤ እንባውን በሽርጡ ጠረገ። «ወላሂ፣ እድሜ ልኬን ብዙ አይቻለሁ፤ ብሬከር ገላውን ሲታጠብ ግን አላየሁም።»

ከዚያ ሣጥኑን ፈታው። ውስጡ ላይ የጠቆረ የቃጠሎ ምልክት አለ። ሷሊሕ በጠመንጃ መፍቻው እየጠቆመ ማስረዳት ጀመረ።

«ስማኝ ደምሴ። እዚህ ውስጥ ያሉት ሁለት ዘበኞች ናቸው። አንደኛው ይሄ ዝርግ ብረት ነው። ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ዓይነት ብረት ነው፣ እንደ ጥንድ በሬ ጎን ለጎን የተጣበቀ። ኮረንቲ ከልኩ ሲያልፍ ይሞቃል። ሲሞቅ አንዱ ብረት ከጓደኛው አብልጦ ይረዝማል፤ ጓደኛው አልከተልም ይላል። ተጣብቀዋል፣ መለያየት የለም። ምን ይሆናሉ?»

«ይጎብጣሉ።»

«ጎብጠው ጎብጠው ይቺን መቀርቀሪያ ይገፏታል፤ ጠቅ። ይሄኛው ታጋሽ ነው፣ ልክ እንደ ሐጂራ።» ሐጂራ ሚስቱ ናት። «ሸክም ብታበዛባት ወዲያው ትናገራለች? አትናገርም። ዝም ብላ ትሞቃለች። ቆይታ ቆይታ አንድ ቀን በሩን ዘግታ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ሮጠህ ሄደህ ነይ ብትላት አትመጣም፤ መጀመሪያ መብረድ አለባት።»

ደምሴ እጀታው ወዲያው ሲመልሱት ለምን እንቢ ይል እንደነበር በዚህ ገባው። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ይሄ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ኮረንቲ መንገዱን ስቶ፣ እንደ ሮቢ ደራሽ ውሃ በአንዴ ሲያጥለቀልቅ፣ ሽቦው ማግኔት ይሆንና መቀርቀሪያውን ይነጥቀዋል። ሙቀት አይጠብቅም፣ ዓይንህን እስክትጨፍን አይጠብቅም። ይሄ ደግሞ እንደ አማቴ ነው።»

«እና ትናንት በአንዴ ጧ ያለው…»

«አማቴ ናት። ያንተ ጆንያ ውሃ አንጠባጥቦ ሁለቱን ሽቦ አገናኘ፤ ማግኔቱ ነጠቀ። ሞተርህንም ቤትህንም ያዳነችው እሷ ናት፤ ሂድና እጇን ሳም። ከዚያ በፊት የጣለው ግን የሐጂራ ሥራ ነው። ለዚህኛው የዚህ ቆርቆሮ ሙቀትም አልጠቀመውም። ከውጭ ፀሐይ ስትጠብሰው ከውስጥ ትንሽ ጭነት ይበቃዋል። ደብረ ሲና ላይ የሚሸከመውን ሮቢት ላይ አይሸከምም።» ሷሊሕ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። «ፀሐዩ ግን ለሁሉም ነው የሚወጣው። ከሰዓት የሚያስፈጨው እሷ ብቻ አይደለችም። ጭነት የሚጨምር ሌላ ነገር አለ። ሴትየዋ ስትመጣ ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። እፈጫለሁ።»

ሷሊሕ ተነስቶ ወፍጮዋን ዞራት። መሪውን አየ። መሪው የሚሽከረከርበት ብሎን እስከ አንድ ቦታ በዘይትና በዱቄት ጠቁሯል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ታሽቶ ታሽቶ እንደ ብር ያበራል።

«እስከዚህ ድረስ የምታጠብቀው ለማን ነው?»

ደምሴ ቋቱን ያስተካክል ጀመር። ዱቄቱ ባይሸፍነው ኖሮ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይታይ ነበር።

«ደምሴ።»

«እሷ የላመ ዱቄት ትወዳለች። ለአራስ ነው።»

«ያ ረቢ» አለ ሷሊሕ በዝግታ። «ድንጋዩ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ኮረንቲ አብዝቶ ይስባል፤ ሲስብ ብረቱ ይሞቃል። ወፍጮዋን የምታቆማት አንተ ነህ። ሴትየዋን የምታስከስሳትም አንተ ነህ።»

ደምሴ ያን ጊዜ የተሰማውን ስሜት ለመናገር የይፋት ቆላ ሁሉ ብራና አይበቃም። ያን ሁሉ ጊዜ በመሪው «እወድሻለሁ» ሲላት ሰዉ «እግረ ደረቅ» ብሎ ይተረጉምባት ነበር።

«አንተ ንገርልኝ፣ ሷሊሕ።»

«እኔ የብረቱን እናገራለሁ። ያንተን አንተ። ካልቻልክ ራቢዓ ወልዳ ፋናዬ ደጅ ስትቀር ቆመህ እያት።»

ሣጥኑን ጠርጎ፣ አድርቆ መለሰው። ጆንያውን ግን ለመታሰቢያ ይዞት ሄደ።

እሁድ በሾላው ሥር ያልመጣ ሰው አልነበረም፤ የአርጎባ ተራሮች ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ነበር። ፋናዬ ነጭ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ጓድ ለማ ስለ ምርትና ስለ ንቃት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስ የሾላው ጥላ ቦታውን ቀይሯል። ከዚያ ሷሊሕ ተነስቶ ስለ ታጋሹ ብረትና ስለ ቁጡው ማግኔት አስረዳ፤ ሐጂራን አነሳ፤ አማቱን አነሳ፤ ሰው ሳቀ።

«ጓድ ሷሊሕ» አለ ለማ፣ «ትምህርቱ ጥሩ ነው። ይህ ብረት ግን የሚጎብጠው ለምን በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው?»

«እኔም እሱን ልል ነው» አለች ወርቅነሽ። «የኔን ማሽላ ዝም ብሎ የእሷን ሲያይ የሚሞቀው ብረት የየት አገር ብረት ነው?»

ሷሊሕ ደምሴን አየው። ደምሴ መሬት አየ።

ፋናዬ ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወፍጮው የሁላችሁ ነው፤ እኔ ጀውሃ ሄጄ አስፈጫለሁ። እግሬ ረጅም መንገድ ያውቃል። ግን ራቢዓ ሆዷን ሸፈነችብኝ። እሷ ስትወለድ ከእናቴ ጋር ገንፎውን ያማሰልኩ እኔ ነኝ። ይኼን ብቻ ነው የምለው።» ተቀመጠች።

ራቢዓ አንገቷን ደፋች። ጓድ ለማ ውሳኔውን ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ ደምሴ።

«ምን ነህ?»

«አሻጥረኛው።»

ዝንቦች እንኳ ክንፋቸውን ሰበሰቡ።

«የፋናዬ ማሽላ ሲመጣ መሪውን አጠብቃለሁ። በጣም አጠብቃለሁ። ዱቄቱ እንዲልም ነው። ሞተሩ የሚጨነቀው በእኔ ነው፣ ብረቱ የሚሞቀው በእኔ ነው። ጆንያውንም ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። እግሯ ምንም አላደረገ።»

«የማጥበቁ ዓላማ ምንድን ነው?» አለ ጓድ ለማ።

«አንተ ልጅ» አሉ እመት መሊካ ከተቀመጡበት፣ «ሊቀመንበር አድርገንህ ይሄም ይነገርህ?»

ሳቁ ከሾላው ላይ ወፎቹን አስነሳ። ፋናዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ወርቅነሽ ግን አልሳቀችም፤ ሌላ ነገር ገብቷታል።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼን ሁሉ ዘመን ለኔ ሻካራ የምትፈጭልኝ እያወቅህ ነው?»

«ያንቺ ደህና ነው፣ ወርቅነሽ።»

«ደህና ነው ይላል። የባሌ ጥርስ ያለቀው በምን ሆነና ነው? አላምንም። ነገሩ እውነት ከሆነ የኔን ማሽላ እንደ እሷ አድርገህ ፍጭ። እሷ እዚሁ ትቀመጥ፣ ዓይኗም እግሯም አይድረስ። ወፍጮዋ ከቆመች ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጉባኤው እንዳለ ወደ ወፍጮ ቤቱ ፈለሰ። ፋናዬ በሾላው ሥር ከእመት መሊካ ጋር ቀረች። የወርቅነሽ ማሽላ ፈሰሰ። ደምሴ ጃኬቱን አውልቆ፣ እግሩን አንፈራጦ መሪውን አጠበቀ። ሞተሩ እንደ ምጥ የያዛት ዝሆን አቃሰተ። ሁሉም ዓይኑን ሣጥኑ ላይ ተከለ።

ሣጥኑ ዝም አለ።

ፀሐይ ገና በምሥራቁ በኩል ናት፤ የምዕራቡ ቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ነው። የወርቅነሽ ማሽላ አለቀ፤ አልጣለም። ወርቅነሽ ወገቧን ያዘች። ደምሴ ላቡ ዱቄቱን አቡክቶ ፊቱን ሊጥ አደረገው። ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ወፍጮው እንዲቆምለት የተሳለ ባለወፍጮ እሱ ብቻ ነው።

«ታጋሽ ነው ብያችኋለሁ» አለ ሷሊሕ። «ሐጂራን አላወቃችኋትም። እህል አምጡ።»

ወርቅነሽ ከዱቄቷ ቆንጥራ አሸችው። ቅንድቧ ተነሳ። ለጎረቤቷ አሳየቻት፤ ጎረቤቷም አሸችው። «ይኼማ ሐር ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እህል አምጡ ማለት አላስፈለገም። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሮጡ፤ ለገና ያስቀመጡት ጤፍ ሳይቀር ወጣ፤ ጓድ ለማ ራሱ ስልቻ ተሸክሞ ሰልፍ ያዘ። ያን ቀን የተፈጨው ዱቄት ቢነሰነስ ከሮቢት እስከ ደሴ ያለውን አስፋልት ያለብሰው ነበር። ሞተሩ ያቃስታል፣ ድንጋዩ ይሳሳማል፣ ፀሐይ ደግሞ ቀስ እያለች በጣሪያው ላይ አለፈችና በምዕራቡ ቆርቆሮ ላይ አረፈች። ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ።

ለማ ስልቻውን ገና እንዳፈሰሰ ከሣጥኑ ያቺ የታወቀች ድምፅ ተሰማች። ጠቅ።

ወፍጮዋ ዝም አለች። ፋናዬ ከሩቅ ሾላው ሥር ነበረች፤ እመት መሊካ እጇን ይዘዋል። ወርቅነሽ ራሷ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወፍጮ ሲተከል እልል ይባላል፤ ቆመ ተብሎ እልል ሲባል ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ከሁሉ ቀድማ ሾላው ሥር የደረሰችው፣ ሆዷ ከፊቷ እየቀደመ፣ ራቢዓ ናት። የፋናዬን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ፣ ጉፍታው በሸፈነው ቦታ ላይ አሳረፈችው። «እትዬ ፋናዬ፣ ሰሞኑን ነው። እንዳይቀሩብኝ።» ወርቅነሽ ከኋላዋ ደርሳ ይቅርታዋን ጀመረች፤ እንደ ልማዷ ስላስረዘመችው ፋናዬ ከመሀል አቋርጣ ሳመቻት። ጓድ ለማም ጉዳዩ በሳይንስ መፈታቱን፣ ሣጥኑም በሷሊሕ እጅ ፀሐይ ወደማይመታው ጥላ እንደሚዛወር አስታውቆ፣ ያልተፈጨ እህሉን ተሸክሞ ገባ።

ሰው ሲበተን ፋናዬ ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ መጥታ ቆመች። ደምሴ ቋቱን እየጠረገ ነበር። ቀና አለና አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠግብ አያት።

«ከነገ ጀምሮ ልክ እንደ ሌላው ሰው አላልቼ ነው የምፈጭልሽ» አለ።

«ገንፎዬስ?»

«ጠዋት ብትመጪ ይሻላል። ሣጥኑ ሳይግል፣ እህሉን ቀስ አድርጌ እያፈሰስኩ ጠበቅ ባደርገው ይችለዋል። ሷሊሕ ነግሮኛል።»

«ጠዋትማ ሰው ይበዛል» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ከሰዓት የምመጣው ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።»

የደምሴ መጥረጊያ ከእጁ ወደቀ። እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፤ ከመሄዷ በፊት ግን፣

«ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ በጠዋት ላክ» አለችው። «ከሰዓት እኔም እሞቃለሁ።»

በአስፋልቱ ዳር እስክትሰወር ተከትሎ አያት። ከዚያ ሄዶ እጀታውን ወደ ላይ ገፋ፤ አልያዘም፣ ገና ትኩስ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደግሞ ደጋግሞ ይታገለው ነበር። አሁን ግን አንድ ባዶ ስልቻ አንጥፎ ከሣጥኑ ሥር ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ፤ እስኪበርድም ጠበቀ።